የሦስት ሴቶች ደብዳቤ

እናቴ ከልብሶቿ ሥር የምታኖራት አንዲት ትንሽ የቆርቆሮ ሣጥን ነበረቻት። በውስጧ አባቴ ሞስኮ ተማሪ ሳለ በአራት ዓመት ውስጥ የጻፈላት ደብዳቤዎች በክር ታስረው ተቀምጠዋል። በልጅነቴ ከቴምብሮቹ በቀር ያየሁት አልነበረም። ካደግሁ በኋላ ግን አንድ እሑድ ከሰዓት ቡና ስትቆላ ስለዚያ ዘመን ጠየቅኋት። «የጻፈልኝ ሰውና ከአውሮፕላን የወረደው ሰው አንድ አልነበሩም» አለችኝ። በቅያሜ አልተናገረችውም፤ የቡናውን መልክ አይታ «ደርሷል» እንደምትለው ያለ አነጋገር ነበር። ከዚያም ወደ ሌላ ጨዋታ አለፍን።

ይህን ቃሏን ከብዙ ዓመታት በኋላ የቀሰቀሰብኝ ከአንድ መጽሐፍ አዟሪ የገዛሁት፣ ሽፋኑ የተገነጠለ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ በ1937 የታተመ ሲሆን፣ በሩሲያዊው የሙዚቃ ደራሲ በፒዮትር ኢሊች ቻይኮቭስኪና በናዴዥዳ ፎን ሜክ መካከል የተደረገውን የደብዳቤ ልውውጥ ይተርካል። (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ሁለቱ ወዳጆች ከ1876 እስከ 1890 ከ1200 በላይ ደብዳቤዎች ተጻጽፈዋል። በነዚያ ዓመታት ሁሉ አንድ ጊዜ እንኳ ፊት ለፊት ተቀምጠው አልተነጋገሩም። እንዳይገናኙ የከለከላቸው ሌላ ሰው አልነበረም፤ ላለመገናኘት የተስማሙት ራሳቸው ናቸው።

ታሪኩ እንደዚህ ሆኖ ሲነገር ያማረ ነው፤ ብዙ ጊዜም እንደዚህ ይነገራል። እኔ ግን መጽሐፉን ስዘጋ በልቤ የቀረችው ከሁለቱ አንዳቸው ሳይሆኑ ሦስተኛዋ፣ ደብዳቤ በመጻፏ የተሳለቁባት ሴት ናት። ወደ እሷ ለመድረስ ግን በፕሮፌሰሩ በኩል ማለፍ ግድ ይላል።

ቻይኮቭስኪ በ1840 ከኡራል ተራሮች በስተምዕራብ በምትገኘው በቮትኪንስክ ተወለደ። ዐሥራ አራት ዓመት ሲሆነው እናቱን ኮሌራ ነጠቀው። ሕግ ተምሮ በፍትሕ ሚኒስቴር ጸሐፊነት ተቀጠረ። በ1862 በሴንት ፒተርስበርግ የሙዚቃ ኮንሰርቫቶሪ ሲከፈት ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዱ ሆኖ ገባና ብዙም ሳይቆይ የመንግሥት ሥራውን ተወ። በ1866 መጀመሪያ ላይ ኒኮላይ ሩቢንሽታይን ወደ ሞስኮ ጠራው። በዚያው ዓመት መስከረም የሞስኮ ኮንሰርቫቶሪ ሲከፈት የሐርመኒ ትምህርት መምህር ሆነ። የመጀመሪያ ደመወዙ በወር 50 ሩብል ነበር፤ መኖሪያውም የሩቢንሽታይን ቤት።

እንግዲህ ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል በዚህ ሥራ ቆየ። ለተማሪዎቹ ያዘጋጀው የሐርመኒ መማሪያ በ1872 ታትሟል። በኋላ ራሱ ታላቅ አስተማሪ የሆነው ሰርጌይ ታኔየቭ ከእጁ ወጥቷል። መምህርነቱን ግን አልወደደውም። የሰዎችን ዐይን የሚፈራ፣ በባሕርዩ ዐይን አፋር ሰው ነበርና ክፍል ውስጥ መቆም ሸክም ነበረበት፤ ለሥራው የሚሻውን የጠዋት ሰዓትም የሌሎችን ስሕተት ማረም ይበላበታል። ቢሆንም ሰዓቱን አክብሮ እየገባ ግዴታውን በታማኝነት ይፈጽም ነበር።

ኮንሰርቫቶሪው ስለ ሰጠውና ስለ ነሳው ነገር ሳስብ አንድ ምሽት ይታወሰኛል። በ1874 የልደት ዋዜማ፣ በሩሲያ አቆጣጠር፣ ቻይኮቭስኪ አዲስ የደረሰውን የመጀመሪያውን የፒያኖ ኮንቸርቶ ለሩቢንሽታይን በአንድ የኮንሰርቫቶሪው ክፍል ውስጥ ተጫወተለት። የመጀመሪያው ክፍል አለቀ፤ ሩቢንሽታይን ዝም። ሁሉም አለቀ፤ አሁንም ዝም። ከዚያ በኋላ ውግዘቱ ወረደ፤ ሥራው ርባና ቢስ ነው፣ ሊጫወቱት አይቻልም፣ ከሌላ የተሰረቀ ቦታም አለበት ተባለ። ደራሲው አንዲት ኖታ እንኳ እንደማይለውጥ ተናግሮ ወጣ። ኮንቸርቶው በ1875 በቦስተን ከተማ በሃንስ ፎን ቢውሎ እጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማ፤ ሩቢንሽታይንም ከጊዜ በኋላ ሐሳቡን ለውጦ ራሱ ተጫወተው። ይህን ሁሉ የምናውቀው ቻይኮቭስኪ ከሦስት ዓመት በኋላ ለፎን ሜክ ስለ ጻፈላት ነው። ለሩቢንሽታይን ፊት ለፊት ሊነግረው ያልቻለውን ቁስል፣ መልኳን በቅርብ ላላያት ሴት በዝርዝር አስረዳት።

ይህች ሴት ማን ነበረች? ናዴዥዳ ፎን ሜክ በ1831 የተወለደች፣ ገና በልጅነቷ ካርል ፎን ሜክ ለተባለ መሐንዲስ የተዳረች ናት። ባልዋ በሩሲያ የባቡር ሐዲድ ሥራ ከበረ፤ በ1876 ሲሞትም ዐሥራ አንድ ልጆችና ግዙፍ ሀብት ትቶላት ሄደ። የሐዲዱንም የርስቱንም ሥራ የምታውቅ፣ በልጆቿ ላይ የምታዝ፣ ከሰው ዓለም ግን ራሷን ያገለለች እመቤት ነበረች። ለሙዚቃ ያላት ፍቅር ከልክ ያለፈ ነው። በቤቷ ሙዚቀኞች ቀጥራ ታኖር ነበር፤ ከነሱ አንዱ የቻይኮቭስኪ የቀድሞ ተማሪ የነበረው ቫዮሊን ተጫዋች ዮሲፍ ኮቴክ ነው። በእሱ አማካይነት ለቫዮሊንና ለፒያኖ የሚሆን ሥራ አዘዘች፣ ዋጋውንም አትረፍርፋ ከፈለች፤ በ1876 ማለቂያ ላይም የመጀመሪያውን የምስጋና ደብዳቤ ላከችለት። እሱም በትሕትና መለሰ። ከጥቂት ወራት በኋላ ደብዳቤዎቹ ከገንዘብና ከኖታ ወረቀት አልፈው ስለ እምነት፣ ስለ ሞት፣ ስለ ቤተሰብ የሚያወሩ ሆኑ።

ያለመገናኘቱን ነገር መጀመሪያ ያነሣችው እሷ ናት። ሙዚቃውን በሰማች መጠን ከሰውየው ጋር መተዋወቅን እንደምትፈራ፣ በሩቅ ሆና ልታስበው እንደምትመርጥ ገለጸችለት። እሱም ይህን ፍርሃት አሳምሮ እንደሚረዳው መለሰላት፤ ሰው ሲቀርቡት ከሐሳብ ያነሰ ሆኖ ይገኛል የሚለው ሥጋት የእሱም ነበርና። እናቴ ከአውሮፕላን ማረፊያው የተማረችውን እነሱ አስቀድመው ጠርጥረውት ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ 1877 እንምጣ። በዚያ ዓመት ጸደይ በቻይኮቭስኪ ጠረጴዛ ላይ የሦስት ሴቶች ደብዳቤዎች ተገናኙ። አንደኛዋ ፎን ሜክ ናት። ሁለተኛዋ በኮንሰርቫቶሪው ለአጭር ጊዜ የተማረችው፣ ያን ጊዜ የ28 ዓመት ሴት የነበረችው አንቶኒና ሚልዩኮቫ ናት፤ እሷ በቀጥታ ፍቅሯን ገልጻ ጻፈችለት። ሦስተኛዋ ደግሞ በሥጋ የሌለች፣ ፑሽኪን በ«የቭጌኒ ኦኔጊን» ውስጥ የፈጠራት ታትያና ናት። በግንቦት ወር የሊዛቬታ ላቭሮቭስካያ የተባለች ዘፋኝ ለኦፔራ የሚሆን ታሪክ ሲፈለግ «ኦኔጊን»ን ጠቆመች። ቻይኮቭስኪ በመጀመሪያ ነገሩ የማይሆን መሰለው፤ ከዚያ ግን መጽሐፉን ፈልጎ አገኘና ሌሊቱን እንቅልፍ ሳይተኛ የኦፔራውን ትልም ነድፎ አደረ።

(እዚህ ላይ ከመንገዴ ትንሽ ልውጣ። የእኛ ሰው ፑሽኪንን ሲያነሣ ቅድመ አያቱን አብርሃም ሃኒባልን ሳያነሣ አያልፍም። ሃኒባል ከሐበሻ ምድር የሄደ ነው የሚለው የቆየ እምነት፣ የለም ከቻድ ሐይቅ አካባቢ ነው ከሚሉ ተመራማሪዎች ጋር ሲሟገት ኖሯል። አዲስ አበባ በፑሽኪን ስም አደባባይ ሰይማለች። እኔ በክርክሩ ውስጥ አልገባም፤ ታትያናን እንደ ሩቅ ዘመድ ማየቴ ግን ከዚያ የመጣ ሳይሆን አይቀርም።)

ታትያና አፍቅራ፣ ሌሊቱን ሙሉ ስትጽፍ አድራ፣ ደብዳቤውን ለኦኔጊን የላከች የገጠር ልጅ ናት። ኦኔጊንም በጨዋነት፣ ግን በቀዘቀዘ ልብ መክሮ ይመልሳታል። ቻይኮቭስኪ ኦፔራውን ሲጀምር ከመግቢያው አልጀመረም፤ በቀጥታ ወደዚያች ደብዳቤ ሄደ። ወዳጁ ኒኮላይ ካሽኪን በኋላ እንደ ተረከው፣ ቻይኮቭስኪ ለታትያና አዝኖ በኦኔጊን ተቆጥቶ ነበርና ራሱ ደግሞ ለአንቶኒና ኦኔጊን ሆኖ መገኘቱ ከበደው። ስለዚህ ሄዶ አያት። እንደማይወዳት፣ ሊሰጣት የሚችለው የወንድምን ፍቅር ብቻ እንደ ሆነ ነገራት፤ እሷም ተስማማች። ሐምሌ 1877 ሞስኮ ውስጥ ተጋቡ።

እውነቱን ለመናገር ግን ለጋብቻው ምክንያት የሆነችው ታትያና ብቻ አይደለችም። የቻይኮቭስኪ ፍቅር ወደ ወንዶች ያዘነበለ ነበር። ይህን ለወንድሙ ለሞደስት በጻፋቸው ደብዳቤዎች ራሱ ይናገራል፤ የሰውን አፍ ለመዝጋትና የቤተሰቡን ልብ ለማሳረፍ ሚስት ለማግባት እንደ ቆረጠም ከአንቶኒና አንድ ዓመት አስቀድሞ በ1876 ጽፏል። በሶቪየት ዘመን በወጡት እትሞች እንዲህ ያሉት ገጾች ብዙ ቦታ ተቆርጠው ቀርተዋል፤ በሙሉ የወጡት ከዘመኑ መለወጥ በኋላ ነው። አንቶኒና ግን ይህን ሁሉ ሳታውቅ ወደ ቤቱ ገባች።

የሆነው ሆነ። ከሠርጉ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ብቻውን ወደ እኅቱ ርስት ወደ ካሜንካ ሄደ፤ በመስከረም ተመለሰ፤ ሁለት ሳምንት ያህል አብሯት ቆይቶ፣ አስቸኳይ ጥሪ ደረሰኝ በሚል ሰበብ ወደ ፒተርስበርግ ሸሸ። ከዚያ ወንድሙ አናቶሊ ይዞት ወደ ስዊዘርላንድ ሄደ። ባልና ሚስት ተብለው ዳግመኛ በአንድ ቤት አልኖሩም። ፎን ሜክ ያን ጊዜ ዕዳውን ከፈለችለት፤ በዓመት 6000 ሩብል ተቆራጭም አደረገችለት። በዚያ ገንዘብ በ1878 መጸው ከኮንሰርቫቶሪው ተሰናብቶ ከማስተማር ነጻ ወጣ። አራተኛው ሲምፎኒ፣ «ኦኔጊን»፣ የቫዮሊን ኮንቸርቶው ተራ በተራ የተጠናቀቁት በነዚህ ወራት ነው።

እዚህ ላይ ነው ከብዙ ጸሐፊዎች ጋር የምለያየው። አንቶኒናን የሳሏት ሰዎች፣ ወንድሙ ሞደስትም ሆነ ካሽኪን፣ ባዶ ጭንቅላት ያላት፣ አንድን ታላቅ ሰው ልታጠፋ የተላከች ሴት አድርገው ነው የሳሏት። ቻይኮቭስኪ ራሱም ከኔ ሙዚቃ አንዲት ኖታ አታውቅም ብሎ ለፎን ሜክ ከሷታል። ይሁንና እስቲ ሁለቱን ሴቶች ጎን ለጎን እናቁማቸው። ሁለቱም ላልቀረቡት ሰው ጻፉ። ሁለቱም በሙዚቃውና በዝናው በኩል አንድ ሰው ፈጠሩ። አንደኛዋ ሀብታም ነበረችና የፈጠረችውን ሰው በሩቅ ጠብቃ ማኖር ቻለች። ሁለተኛዋ ግን ሙዚቃ ለመማር መጥታ ሳትጨርስ የቀረች፣ አቅም የሌላት ሴት ናት፤ ከደብዳቤው በኋላ ያላት መንገድ ጋብቻ ብቻ ነበር። ስሕተቷ እሺ ማለቷ ከሆነ እሱም «እንጋባ» ብሏል።

ፎን ሜክም ቢሆን በዚህ ነገር ንጹሕ አልነበረችም፤ ይህንንም የነገረችን ራሷ ናት። በ1879 በጻፈችው አንድ ደብዳቤ ያገባ ጊዜ ልቧ ክፉኛ እንደ ቆሰለ፣ ከሚስቱ ጋር አለመስማማቱን ስትሰማ ደስ እንዳላት፣ ያቺን ሴት ደስ ስላላሰኘችው እንደ ጠላቻት፣ ደስ አሰኝታው ቢሆን ግን መቶ እጥፍ እንደምትጠላት ገልጻለች። ይህን ሳነብ መጽሐፉን አስቀምጬ ወጣ ብዬ ተመለስሁ። ለፍቺው ማስፈጸሚያ 10,000 ሩብል ልትሰጥ የተዘጋጀችውም እሷ ነበረች። በዘመኑ የሩሲያ ሕግ ለመፋታት ከሁለት አንዳቸው ማመንዘራቸው መመስከር ነበረበት፤ ቻይኮቭስኪ ጥፋቱን በራሱ ላይ ለመውሰድ ፈቀደ። አንቶኒና ግን ያልሆነውን ሆነ ብላ ለማለት አልተስማማችም። ይህም ሞኝነት ተባለ። ለእኔ በዚህ ሁሉ የተንዛዛ ታሪክ ውስጥ በቀጥታ የቆመ አንድ ነገር መስሎ ይታየኛል።

ይህን ስል የደብዳቤዎቹን ውበት መካዴ አይደለም። በ1878 መጨረሻ ፎን ሜክ ፍሎረንስ ከተማ ውስጥ ከቪላዋ አጠገብ ሌላ ቪላ ተከራይታ አስቀመጠችው። ደብዳቤ በየቀኑ ይመላለሳል፤ እሷ በእግሯ ስትንሸራሸር በመስኮቱ ሥር ታልፋለች፤ በቴአትር ቤት ከሩቅ ይተያያሉ፤ አይነጋገሩም። በሚቀጥለው ዓመት በነሐሴ፣ እሱ በሷ ርስት አጠገብ ባለ ቤት ሲኖር፣ የሽርሽር ሰዓት ተዛንፎ ሠረገሎቻቸው ጫካ ውስጥ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። እሱ ባርኔጣውን አነሣ፤ እሷ የምታደርገው ጠፋት፤ ተላለፉ። ቤቱ ገብቶ በቀጥታ የይቅርታ ደብዳቤ ጻፈ። እሷ ደግሞ መደሰቷን ጽፋ መለሰች።

ሩሲያኛም እንደ አማርኛችን «አንተ»ንና «እርስዎ»ን ይለያል። በ1878 መጀመሪያ ላይ ፎን ሜክ «አንተ»፣ «አንቺ» እንባባል ስትል ሐሳብ አቀረበች። እሱ በብዙ ምስጋና አልተቀበለም። እስከ መጨረሻው «እርስዎ» እንደ ተባባሉ ቀሩ። አንድ ሺህ ደብዳቤ፣ የነፍስ ምሥጢር ሁሉ፣ በ«እርስዎ»! አማርኛ ለሚናገር ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ማስረዳት አያስፈልግም።

መምህርነቱ ደግሞ ከኮንሰርቫቶሪው ቢወጣም አልለቀቀውም። በ1880 በጋ ፎን ሜክ ልጆቿን ፒያኖ እንዲያስተምርና አብሯት እንዲጫወት አንድ ወጣት ፈረንሳዊ ቀጠረች፤ የልጁንም ትንሽ ድርሰት እንዲመዝንላት ላከችለት። ቻይኮቭስኪ ደስ የምትል ግን እጅግ ያጠረች ናት ብሎ አረመ። ወጣቱ ክሎድ ደቢሲ ነበር።

ከደብዳቤዎቹ ሁሉ ለሥነ ጽሑፍ ወዳጅ አንዱን ምረጥ ብባል ከፍሎረንስ የላከውን፣ ፌብሩዋሪ 17/ማርች 1 ቀን 1878 የሚለውን እመርጣለሁ። (ሩሲያውያን ከአገር ሲወጡ ሁለት ቀን መጻፋቸው የእኛን ስደተኞች ያስታውሰኛል፤ በሁለት ዘመን ውስጥ መኖር እንግዳችን አይደለም።) አራተኛው ሲምፎኒ ሞስኮ ላይ በሩቢንሽታይን መሪነት በተሰማ በሳምንቱ የተጻፈ ነው። ሲምፎኒው ለ«ምርጡ ወዳጄ» የተበረከተ ነውና ወዳጁ ትርጉሙን ጠየቀች። እሱም ሙዚቃውን ክፍል በክፍል ተረጎመላት፤ በመክፈቻው የሚጮኸው መለከት ዕጣ ፈንታ ነው፣ ሰው ወደ ደስታ እንዳይደርስ በራሱ ላይ የተንጠለጠለ ኃይል ነው አላት። እስከ ዛሬ የኮንሰርት ፕሮግራሞች ይህን ትርጓሜ ይገለብጣሉ። ሆኖም ደብዳቤው ግርጌ አለው። ፖስታው ውስጥ ከመክተቱ በፊት መልሶ ሲያነበው የጻፈው ሁሉ ግልጽነት የጎደለው መስሎት ደነገጠ፤ ይህንንም ከሥር ጨምሮ ጻፈላት፤ እንዳለ ላከው። ቀድዶ ሌላ ቢጽፍ ኖሮ እኛ ያንን ድንጋጤ ባላወቅን ነበር።

መጨረሻው በ1890 መጸው መጣ። ፎን ሜክ ሀብቷ እንደ ተናጋ፣ ተቆራጩም እንደሚቆም አስታወቀችው፤ አልፎ አልፎ እንዲያስታውሳትም ለመነችው። ያን ጊዜ ቻይኮቭስኪ ከ1888 ጀምሮ ከንጉሡ በዓመት 3000 ሩብል የሚቆረጥለት፣ በአውሮፓ የታወቀ ሰው ነበር፤ ገንዘቡ አላስጨነቀውም። ያቆሰለው ያ ልመና ነው፤ የማስታውስሽ ገንዘብሽን እስከ በላሁ ድረስ ብቻ ነውን የሚል መልስ ከትብሊሲ ጻፈ። ለእሱ መልስ አልመጣም። ሁለቱ በ1884 የእሱ የእኅት ልጅ ከእሷ ልጅ ጋር ተጋብተው አማቾች ሆነው ነበር፤ ያም አላስታረቀም። ስድስተኛውን ሲምፎኒ ራሱ መርቶ ካሰማ በኋላ በዘጠነኛው ቀን፣ ኖቬምበር 6 ቀን 1893፣ እናቱን በወሰደው በሽታ ሞተ። ፎን ሜክ ከእሱ በኋላ ሁለት ወር ጥቂት ቀን ብቻ ቆየች፤ በኒስ ከተማ አረፈች። ደብዳቤዎቻቸው ከ1934 እስከ 1936 ሞስኮ ውስጥ በሦስት ጥራዝ ታተሙ።

አንቶኒና ከሁለቱም በኋላ ብዙ ኖረች። ከሌላ ሰው ልጆች ወልዳ ለሕፃናት ማሳደጊያ ሰጥታለች፤ ከቻይኮቭስኪም የሚደርሳት ተቆራጭ ነበር። በ1894 ትዝታዋን በአንድ የፒተርስበርግ ጋዜጣ አወጣች። የተሳለቁባትን ሰዎች ጽሑፍ ካነበቡ በኋላ ይህን ማንበብ እንግዳ ነገር ነው፤ ስለ ባሏ የምትናገረው በአድናቆት ነው፣ ስድብ የለበትም፣ ደብዳቤውን በላከች ጊዜ የነበራት ልብ ያልተለወጠ ይመስላል። ከ1896 በኋላ የቀረ ዕድሜዋን በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አሳልፋ በ1917 ሞተች።

አባቴ ከሞስኮ ሲመለስ ሁለት ሻንጣ መጻሕፍትና አንድ የሸክላ ማጫወቻ ይዞ እንደ መጣ በቤታችን ሲነገር ሰምቻለሁ። እናቴ የጻፈችለት ደብዳቤዎች ግን ከሻንጣው አልወጡም፤ የት እንደ ቀሩም የጠየቀ የለም። መጽሐፉን ከጨረስሁ በኋላ ሄጄ ምን ብላ ትጽፍለት እንደ ነበር ጠየቅኋት። ሣጥኗን ወደ ቦታዋ እየመለሰች «እንጃ፤ እጄ ግን ያኔ ቆንጆ ነበር» አለችኝ፤ የእጅ ጽሑፏን ማለቷ ነው።